ኮሌራ ወረዳችሁ ሲገባ፦ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ምን ይሠራ?

ይህን የምጽፈው ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለቀበሌ አመራሮች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና «እኔስ ምን ልርዳ?» ለሚሉ በጎ ፈቃደኞች ነው። መመሪያዎች አሉ፣ ወፍራምም ናቸው። ወረርሽኝ በገባ ሌሊት ግን 100 ገጽ የሚያነብ የለም።

ኮሌራ የሚገድለው የሰውነትን ውሃ ጨርሶ ነው። ጠዋት እርሻ የዋለ ጎልማሳ ማታ ላይ ሊሞት ይችላል። በጽኑ የታመመ ሰው ሳይታከም ከቀረ ከሁለት አንዱ ሊሞት ይችላል። በጊዜ ፈሳሽ ካገኘ ግን ከ100 ታማሚ ቢያንስ 99ኙ ይተርፋል። ሁለቱን የሚለያቸው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስትሠሩ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ይህ ሥራ ከመጀመሪያው ተቅማጥ እስከ መጀመሪያው ኩባያ ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት) ያለውን ጊዜ ያሳጥራል ወይ? ካላሳጠረ፣ ወይም አዲስ ሰው እንዳይያዝ ካላደረገ፣ ለነገ ይደር።

ጥርጣሬ ሲመጣ ወዲያው ደውሉ

ምን ሲታይ ነው «ኮሌራ ሊሆን ይችላል» የሚባለው? ዕድሜው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደም የሌለው፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይዞት ሰውነቱ ክፉኛ ከደረቀ፣ ወይም በዚሁ ከሞተ። ሩዝ የታጠበበት ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የጎደጎዱ ዓይኖች፣ ተቆንጥጦ ቶሎ የማይመለስ ቆዳ፣ የእግር ቁርጥማት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ አካባቢ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ከመጡ ነገሩ አሳሳቢ ነው። አንድ አዋቂ በእንዲህ ያለ ተቅማጥ ሞተ ከተባለም በቂ ነው።

ኮሌራ በአገራችን በአስቸኳይ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። ጤና ኬላ ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል፣ ክልል ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። በእያንዳንዱ እርከን የሚፈቀደው 30 ደቂቃ ነው። ደብዳቤ አይደለም የሚጠበቀው፣ ስልክ ነው። ማኅተምና ቁጥር ያለው ወረቀት በኋላ ይደርሳል። ማንም ሰው ደግሞ በነጻ ስልክ 8335 ወይም 952 ደውሎ ማሳወቅ ይችላል።

ፈጣን ምርመራ ካላችሁ አድርጉ። የሰገራ ናሙና በኬሪ ብሌር (ናሙናው በመንገድ እንዳይበላሽ የሚያቆየው ማጓጓዣ) ተይዞ ወደ ክልል ወይም ወደ ኢንስቲትዩቱ ላቦራቶሪ ይላክ፣ የሚያረጋግጠው እሱ ነውና። ነገር ግን ውጤቱን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። የሕክምናው ቦታ ይዘጋጅ፣ ክሎሪን ይታዘዝ፣ ቤት ለቤት ፍለጋው ይጀመር። ውጤቱ ነጻ ቢሆን ምን ከሰራችሁ? ጥቂት ነዳጅና ጥቂት ሳሙና። ኮሌራ ሆኖ ሦስት ቀን ብትጠብቁ ግን የምትከስሩት ሰው ነው። ወረርሽኙ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ታማሚ መመርመር አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ጥቂት ናሙና መላክ በቂ ነው፣ የቀረውን ምልክት አይታችሁ አክሙ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። «የወረዳችን ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ ቁጥር የሚደበቅበት ጊዜ አለ። ቁጥር የደበቀ ወረዳ ክሎሪንም ግሉኮስም ክትባትም አያገኝም፤ የሚላከው በሪፖርቱ ልክ ነውና። ጎረቤት ወረዳም ሳይዘጋጅ ይያዛል። ኮሌራ ከሆነ ኮሌራ በሉ።

ግብረ ኃይሉን አቋቁሙ፣ ስብሰባውን ግን አሳጥሩ

ሰብሳቢው የወረዳው አስተዳዳሪ ይሁን፣ ካልቻለ ምክትሉ። ይህ ለክብር አይደለም። ኮሌራ የጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ሆኖ ከቀረ ውሃ ጽሕፈት ቤት ቦቴውን አይሰጥም፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነዳጅ አይፈቅድም፣ ትምህርት ቤቶች አይሰሙም። ከአስተዳዳሪው ቀጥሎ አንድ አስተባባሪ ያስፈልጋል፤ ሌላ ሥራው ሁሉ ተወስዶለት ቀንና ሌሊት ይህን ብቻ የሚከታተል ሰው። ከሥሩ አምስት ሰዎች ይኑሩ፦ አንዱ ቅኝትና ላቦራቶሪ፣ አንዱ ሕክምና፣ አንዱ ውሃና ንጽሕና፣ አንዱ ከሕዝብ ጋር መነጋገር፣ አንዱ ዕቃና ትራንስፖርት። እያንዳንዱ ስሙና ስልኩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተገናኙ፣ ከ30 ደቂቃ አትለፉ። ትናንት ስንት አዲስ ታማሚ፣ ከየትኛው ጎጥ፣ ስንት ሞት፣ ምን አለቀ፣ ዛሬ ማን ምን ይሠራል። ውሳኔው ከሰው ስም ጋር ይጻፍ። «ይመለከተዋል የተባለ አካል» የሚባል ሰው የለም።

ስለ ነዳጅና ስለ አበል በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያቆመው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን ሞተር ሳይክሉ ቤንዚን ማጣቱ ነው። በጎ ፈቃደኞች ፀሐይ ላይ ሲዞሩ ውለው ምሳ እንኳን ካጡ በሦስተኛው ቀን ባይመጡ አይፈረድባቸውም። ትንሽም ቢሆን የሚከፈለው ታውቆ፣ ቀኑ ታውቆ፣ ይከፈል።

መዝገቡ፦ ሥራው የሚመራው ከዚህ ነው

ላይን ሊስት የምንለው መዝገብ ለበላይ አካል የሚሞላ ቅጽ ይመስላል። አይደለም፣ ነገ ወዴት እንደምትሄዱ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ መስመር፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌና ጎጥ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ ተቅማጡ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ጤና ተቋም የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ የሰውነቱ ድርቀት ደረጃ፣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ፣ ባለፉት አምስት ቀናት የሄደበት ቦታ ወይም የበላበት ድግስ፣ መጨረሻው።

አምስት ቀን ያልኩት በምክንያት ነው። ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሕመሙ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል።

አሁን በትልቅ ወረቀት ላይ ግራፍ አውጡ፣ ኮምፒውተር ባይኖር እርሳስ ይበቃል። ታማሚዎችን ሪፖርት በተደረጉበት ቀን ሳይሆን በታመሙበት ቀን አስቀምጧቸው። ከአንድ ድግስ ወይም ከአንድ ምንጭ የተነሳ ከሆነ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ታሞ ሲወርድ ታያላችሁ። ከቤት ወደ ቤት እየተላለፈ ከሆነ ቀስ እያለ ሲወጣ ታያላችሁ። ከዚያ በእጅ የተሣለ የቀበሌ ካርታ ላይ እያንዳንዱን ታማሚ በነጥብ አኑሩ፣ ምንጮቹን፣ ቦኖዎቹን፣ ወንዙን፣ ገበያውን ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሟቾቹን ቤት እየተከታተለ ነው በብሮድ ስትሪት አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ መሆናቸውን ያየው፤ በኋላም በካርታ አሳየው። ጀርሙ ምን እንደሆነ ገና አያውቅም ነበር። የፓምፑ እጀታ ግን ተነቀለ።

ጤና ተቋም የመጣውን ብቻ መቁጠር አይበቃም። ቤት ለቤት ይፈለግ። በጎ ፈቃደኛዋ በር አንኳኩታ «የታመመ ሰው አለ ወይ?» ብላ ብትጠይቅ «ኧረ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል። «ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ያስቀመጠው አለ? ልጆችስ? ከሌላ አገር የመጣ እንግዳስ?» ትበል። ስለ ሞት ደግሞ የእድር ዳኛውን ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያኑንና የመስጊዱን የመቃብር ኃላፊዎች ጠይቁ። ጤና ጣቢያው ሳይሰማ የተቀበረውን ሰው እነሱ ያውቁታል።

ኦአርኤስ በእግር የሚደረስበት ቦታ ይሁን

ብዙ ወረዳዎች መጀመሪያ የሚሯሯጡት ትልቅ ድንኳን ለመትከል ነው። ድንኳኑ ያስፈልጋል፣ ግን ከእሱ በፊት በየጎጡ የኦአርኤስ ነጥብ ክፈቱ። ወጪው ትንሽ ነው። አንድ የሠለጠነች ሰው፣ ጠረጴዛ፣ የታከመ ውሃ ያለበት ባለ ቧንቧ በርሜል፣ ንጹሕ ኩባያዎች፣ ብዙ ሰው «ለምለም» የሚለው የኦአርኤስ ዱቄት፣ ዚንክ፣ እጅ መታጠቢያ፣ መዝገብ። ተቅማጥ የያዘው ሰው እዚያው ይጠጣል፣ የባሰበት ይላካል፣ ለመንገዱም በጠርሙስ ይያዝለታል። ሁለት ሰዓት በቃሬዛ የሚመጣ ሰው እየጠጣ ቢመጣና ሳይጠጣ ቢመጣ አንድ አይደለም።

አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ በትክክል። በትንሽ ውሃ ማወፈር ሕፃን ይጎዳል። ዱቄቱ ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ። ሕፃናት ጡት መጥባታቸውን አያቁሙ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉት ዚንክ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ለ10 ቀን ይሰጥ፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥ።

የኮሌራ ሕክምና ማዕከሉን (ሲቲሲ የምንለውን) የምትተክሉበት ቦታ ከጤና ጣቢያው ሌላ ታማሚ ጋር የማያገናኝ፣ ግን ለባለሙያዎቹ ቅርብ ይሁን። አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ፣ አጥር። መጀመሪያ መለያ ቦታ፣ ከዚያ መታዘቢያ፣ ከዚያ ለጽኑዎቹ፣ በመጨረሻ ለሚያገግሙት። አልጋው መሐሉ የተቀደደና ላስቲክ የለበሰ ይሆናል፣ ከሥሩ ባልዲ አለ፣ ከራስጌውም ለትውከት ሌላ ባልዲ። ባልዲው ላይ በሊትር ምልክት አድርጉበት። ነርሷ በየጊዜው ስንት ሊትር እንደወጣ አይታ ያንኑ ያህል ትተካለች። ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን ሰው የሚያድነው ይህ ሂሳብ ነው። ባልዲው ሳይለካ ከተደፋ ነርሷ በግምት ነው የምትሠራው።

ውሃ ለአንድ ታማሚ በቀን 60 ሊትር፣ ለአስታማሚ 15 ሊትር አስቡ። ለ20 ታማሚ ቢያንስ አንድ ሽንት ቤት፣ ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ። አስታማሚ አንድ ብቻ።

ለጽኑ ታማሚ በደም ሥር የሚሰጠው፣ ግሉኮስ ብለን የምንጠራው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት መሆን አለበት። ተራው የስኳር ግሉኮስ ብቻውን አይሆንም፣ የወጣውን ጨው አይተካም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው 100 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ፦ 30ው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ 70ው በቀሪው ሁለት ሰዓት ተኩል። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያንኑ መጠን በስድስት ሰዓት። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሦስት ሰዓት አምስት ሊትር ማለት ነው። አዲስ ባለሙያ ይህን ሲያይ ይፈራል፤ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። በሥልጠናው ላይ ደጋግማችሁ ንገሩት፣ ቀጥታ ይፍሰስ። መጠጣት ሲችልም ጎን ለጎን ኦአርኤሱ ይጀመርለት። ፀረ ተሕዋስያኑ በባለሙያ ትዕዛዝ ይሰጣል፣ ከፈሳሹ ግን አይቀድምም።

ዕቃ ስትጠይቁ በጅምላ «ድጋፍ ይደረግልን» አትበሉ። ለ100 ታማሚ በግምት 650 ከረጢት ኦአርኤስና ባለ አንድ ሊትር 120 ሪንገር ላክቴት ከነመስጫው ያስፈልጋል። ከአምስቱ አንዱ ጽኑ ይሆናል ተብሎ የተሠራ ስሌት ነው። ከመዝገባችሁ የሚቀጥለውን ሳምንት ገምቱና በዚህ አባዙት።

ሰው ከሞተ የት እንደሞተ ጠይቁ

ከ100 ታማሚ ከአንድ በላይ እየሞተባችሁ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ሰዓት እየባከነ ነው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሞት በማግሥቱ ቤተሰቡን አጽናኑና ጠይቁ። ቤቱ ውስጥ ከሞተ መልእክቱን አልሰማም፣ ወይም ርቀቱ አሸንፎታል፤ ያ ጎጥ የኦአርኤስ ነጥብ የለውም። መንገድ ላይ ወይም እንደደረሰ ከሞተ ትራንስፖርቱ ነው ችግሩ፤ ባጃጅ፣ ሞተር፣ ቃሬዛ፣ ለሹፌሮቹ የሚከፈል። ማዕከሉ ውስጥ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከሞተ ችግሩ እኛው ጋ ነው፤ ሌሊት ሰው አልነበረም፣ ወይም ፈሳሹ በዝግታ ሄዷል፣ ወይም ኩላሊቱ መድከሙን ማንም አላየም። ሦስቱ በአንድ ቁጥር ተደምረው ሲቀርቡ የሚታይ ነገር የለም። ለየብቻ ጻፏቸው። ይህን የምለው ባለሙያ ለመክሰስ አይደለም። ተጠያቂ ፍለጋ ከሆነ ሁሉም ይደብቃል፣ ያኔ ደግሞ ምንም አንማርም።

ክሎሪኑን በትክክል በጥብጡ

ሦስት ዓይነት ብጥብጥ አለ። ባልዲዎቹን በቀለም ለዩ፣ ላያቸው ላይም በትልቁ ጻፉ። ዱቄቱ 65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን ያለበት ኤች ቲ ኤች ከሆነ፦

0.05 በመቶ፦ ለእጅ። 15 ግራም በ20 ሊትር ውሃ።
0.2 በመቶ፦ ለወለል፣ ለአልጋ፣ ለዕቃና ለሽንት ቤት። 30 ግራም በ10 ሊትር።
2 በመቶ፦ ለተቅማጥ፣ ለትውከትና ለአስከሬን። 30 ግራም በአንድ ሊትር።

የእጁና የወለሉ በየቀኑ ይቀየር፣ ኃይሉ ይወርዳልና። የሚበጠበጠው ደጅ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ብረት ይበላል። ዱቄቱ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የዱቄቱ መቶኛ ሌላ ከሆነ ሂሳቡም ሌላ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ያለውን አንብቡ።

የመጠጥ ውሃው ሌላ ነው። ቧንቧ በሌለበት ውጤት የሚያመጣው መንገድ ሰው የሚቀዳበት ቦታ ላይ ሰው ማቆም ነው። በጎ ፈቃደኛው መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይዞ ምንጩ ዳር ይቆማል፣ በየጀሪካኑ ልኩን ያስገባል። መጠኑን ለማወቅ በመጀመሪያ 15 ግራም ኤች ቲ ኤች በአንድ ሊትር አድርጋችሁ አንድ በመቶ ብጥብጥ አዘጋጁ። አራት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከዚያው ምንጭ ሙሉ። ለአንዱ 2 ሚሊ ሊትር፣ ለሁለተኛው 3፣ ለሦስተኛው 4፣ ለአራተኛው 5 ጨምሩ። 30 ደቂቃ ጠብቁና ክሎሪን በሚለካው የኪኒን መመርመሪያ ለኩ፤ ውሃው ሮዝ እየሆነ ይሄዳል። በሊትር ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን የተረፈበትን ምረጡ። ከዚያ ለዚያ ምንጭ ልኩ እሱ ነው። ዝናብ ዘንቦ ውሃው ከደፈረሰ ግን እንደገና ሞክሩ። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ መጀመሪያ ይጥለል ወይም በወፍራም ነጠላ ይጣራ።

ለቤት ደግሞ የውሃ ማከሚያዎቹን ውሃ አጋር ወይም አኳታብ አከፋፍሉ። ስታከፋፍሉ አንዱን ጀሪካን እዚያው አብራችሁ ሥሩ። አኳታብ ለስንት ሊትር እንደሆነ ይለያያል፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ለእናትየዋ በደንብ አሳይዋት። እንደ መድኃኒት የዋጠው እንዳይኖርም በግልጽ ንገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ ከቤቱ እንስራ ውስጥ ውሃ ቅዱና ለኩ። ስንት ካርቶን አከፋፈልን ከሚለው ሪፖርት ይልቅ ይህ አንድ ልኬት ይነግራችኋል።

የታማሚው ቤትና ጎረቤቱ

አንድ ሰው ማዕከሉ እንደገባ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ቤቱ ሂዱ። ለአደጋ የቀረቡት የቤቱ ሰዎችና በ100 ሜትር ዙሪያ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። ሳሙና፣ የውሃ ማከሚያ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን፣ ኦአርኤስ ይሰጣቸው፤ አጠቃቀሙ ይታይላቸው። የታማሚው ልብስና አንሶላ ወንዝ እንዳይወርድ። ክሎሪን የሚረጭ ቡድን በየቤቱ መላክ በቴሌቪዥን ያምራል፣ ግን አይመከርም። ጥቅሙ አልታየም፣ ጎረቤትም «የበሽተኛ ቤት» ብሎ እንዲጠቁም ያደርጋል። ያንን ገንዘብ ለሳሙና አድርጉት።

ሕዝቡ፣ ለቅሶው፣ ጸበሉ

ማዕከሉ ሥራ ሳይጀምር የሃይማኖት አባቶችን፣ ሽማግሌዎችንና የእድር ሰዎችን ጋብዙና ውስጡን አሳዩዋቸው። «እዚያ የገባ አይወጣም» የሚለው ወሬ ሲነሳ የሚመልሱላችሁ እነሱ ናቸው። ድኖ የወጣ ሰው ደግሞ ገበያ ላይ አንድ ቃል ቢናገር የኛን አሥር ፖስተር ያህላል። መልእክቱ ጥቂት ይሁን፣ በአካባቢው ቋንቋ ይሁን፦ የታከመ ውሃ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሽንት ቤት ተጠቀሙ፣ ተቅማጥ ሲጀምር ኦአርኤስ እየጠጣችሁ ኑ። ሕክምናው ነጻ መሆኑንም ንገሩ፤ ብር የለኝም ብሎ ቤቱ የሚቀር አለ።

ለቅሶ ከባዱ ነገር ነው። በኮሌራ የሞተ ሰው አስከሬን ጀርም አለበት፤ አጥቦ የገነዘው ሰው ሄዶ ለለቀስተኛ ወጥ ቢያወጣ ወረርሽኙ አዲስ መንደር ገባ ማለት ነው። ቤተሰቡን አትከልክሉ። የሠለጠኑ ሰዎች በ2 በመቶው ክሎሪን አስከሬኑን ያዘጋጁ፣ የቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይቁም፣ ጸሎቱና ፍትሐቱ ወይም ሶላቱ ይደረግ፣ ቀብሩ በዚያው ቀን ይፈጸም። ትጥበት ለሚያስፈልጋቸው ሙስሊም ወገኖች ከኢማሙ ጋር ተነጋግራችሁ ጓንት ባደረገና በሠለጠነ ሰው ይሁን። ድንኳን ውስጥ እጅ መታጠቢያ ይኑር፤ አስከሬን የነካ ሰው ምግብ አያቅርብ። እድሩ ይህን ደንብ ራሱ ቢያወጣ ከወረዳ ትዕዛዝ ይልቅ ይከበራል።

ጸበል ቦታዎችንና የእርሻ ካምፖችን ለይታችሁ ያዙ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተነሳው ኮሌራ ያስተማረን ይህን ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው በተፋፈገ መጠለያ ያድራል፣ ሽንት ቤቱ አይበቃም፣ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪና አባቶችን አነጋግሩ። ከሰው ሃይማኖት ጋር የምትጣሉበት ምክንያት የለም። የሚጠጣ የታከመ ውሃ በብዛት ይቅረብ፣ ሽንት ቤት ይቆፈር፣ የኦአርኤስ ነጥብ እዚያው ይከፈት፤ የታመመ ሰው አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት ይታከም። ወደየወረዳቸው የሄዱት ስምና መድረሻ ይመዝገብና ለዚያ ወረዳ ይደወል። በመተማና በሁመራ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችም እንዲሁ ናቸው፤ እዚያ ባለሀብቱ ውሃና ሽንት ቤት እንዲያዘጋጅ አስተዳደሩ ሊያስገድደው ይገባል።

ክትባቱ

በአፍ የሚሰጥ ነው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ሰው። በዓለም ላይ ስላጠረ ከጥቅምት 2015 ጀምሮ በወረርሽኝ ጊዜ በሁለት ፈንታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። ጥያቄው በክልልና በኢንስቲትዩቱ በኩል ያልፋል፣ የሚያሳምነውም መዝገባችሁ ነው። የታመሙት ቀበሌዎች ብቻ ሳይሆኑ ውሃና ገበያ የሚጋሯቸው ጎረቤቶችም ይካተቱ። መከላከል ለመጀመር አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ክትባት መጣ ብላችሁ ክሎሪኑን እንዳታቆሙ።

መቼ ነው አለቀ የሚባለው?

አራት ተከታታይ ሳምንት ምርመራው ነጻ ሲሆን። ቁጥሩ ወረደ ብሎ ድንኳን ማፍረስ አደገኛ ነው። ነሐሴ 2014 በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው ወረርሽኝ ከዚያ ወዲያ ክልል እያለፈ ረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ አንድ ቦታ ሲበርድ ሌላ ቦታ ይነሳ ነበር። ስለዚህ የኦአርኤስ ነጥቦቹን በመጨረሻ ዝጉ።

ስትዘጉ ሽንት ቤቱ በክሎሪን ታክሞ ይደፈን፣ አልጋዎቹና ባልዲዎቹ ታጥበው ቁጥራቸው ተመዝግቦ መጋዘን ይግቡ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ይጻፍ። በሚቀጥለው ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግብረ ኃይሉ አንድ ቀን ይገናኝ፦ የክሎሪኑ ጊዜ አላለፈም ወይ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ስልኮች ይሠራሉ ወይ፣ የተቀየረው ባለሙያ ሠልጥኗል ወይ፣ ካርታው ላይ ብዙ ነጥብ የበዛባት ያቺ ምንጭስ ተጎልብታ ክዳን ተሠርቶላታል ወይ?